እዚህ ስልክ ይነጠቃል፣ እዚያ ስልክ መጽሐፍ ነው

እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ከፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስልክ መነካካት ቀርቷል። ተማሪው ጠዋት ሲገባ ስልኩን አጥፍቶ ያስቀምጣል። የመጨረሻው ደወል እስኪደወል አያወጣውም። ካወጣ ይነጠቃል። ወላጅ እሰይ ብሏል። አበሻ ወላጅማ እልል ነው ያለው። ቡና በጠጣን ቁጥር «ይሄ ስልክ ልጆቻችንን በላብን» ስንል ከርመን፣ ግዛቱ ራሱ ገላገለን።

ስዊድን ከዚህም አልፋለች። ክፍሉን ሁሉ በታብሌትና በኮምፒውተር ከሞላች በኋላ፣ በ2023 ፊቷን ወደ ወረቀት መልሳ ለመጽሐፍ መግዣ ጠቀም ያለ ገንዘብ መድባለች። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ ባወጣው ሪፖርት፣ ቴክኖሎጂ ክፍል መግባት ያለበት ለትምህርቱ ሲረዳ ብቻ ነው ብሎ አሳስቧል። ሀብታሙ ዓለም ስክሪን ሰልችቶታል ማለት ነው።

እኔም ይሄን ሁሉ ሰምቼ፣ ጆሮዬ ጠግቦ ነው ደብረ ብርሃን የገባሁት። እህቴ ቤት ጋቢ ደርቤ፣ ትኩስ ሻይ ይዤ (የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል) የእህቴን ልጅ ስለ ትምህርቱ እጠይቀዋለሁ። 12ኛ ክፍል ነው። «የፊዚክስ መጽሐፍህን እስቲ አምጣው» አልኩት። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ኬሚስትሪውስ?» ያው ስልክ። «ሒሳቡስ?»

«ጋሼ፣ ሁሉም እዚሁ ነው» አለኝ፣ እያዘነልኝ።

የስልኩ መስታወት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከላይ ከቀኝ ጥግ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ልጁ ፒዲኤፉን በሁለት ጣቱ እያሰፋ፣ ቀመሩ ስንጥቁ ሥር ሲገባበት ገጹን ትንሽ ገፋ እያደረገ ያነባል። ተክኖበታል። ሥዕል ያለበት ገጽ ሲመጣ ግን ጉድ ነው። ግማሹን ያያል፣ ይገፋል፣ የቀረውን ግማሽ ያያል፣ ከዚያ ሁለቱን በጭንቅላቱ ይገጥማል። እኔ ዓይኔ ደከመ። እሱ ሁለት ምዕራፍ ወረደ።

ነገሩ ቅንጦት አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ሲጀመር መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ቀድሞ በቴሌግራም ነው የደረሰው። የታተመው እያዘገመ መጣ፣ ሲመጣም ለሁሉም አልበቃም። እና ይሄን ልጅ ስልኩን ብነጥቀው የነጠቅኩት መጽሐፉን ነው። እዚያም ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ይከለከላል። መጽሐፉ ቤት ይውላል፣ ልጁ ባዶ እጁን ክፍል ይገባል። ይሄን ስሰማ ልስቅ ነው ወይስ ላዝን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ሰው ኦንላይን ትምህርት ሲባል ዌብሳይት፣ ምዝገባ፣ የይለፍ ቃል፣ ክፍያ ይመጣበታል። እኛ ጋ ቨርጂኒያ እንደዚያ ነው። ሰሜን ሸዋ ግን ኦንላይን ትምህርት ማለት ቴሌግራም ማለት ነው፣ በቃ። መጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መንግሥት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር ጀመረ፤ የከተማው መምህራን ደግሞ ወርክ ሺት በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ኮቪድ አለፈ፣ ቴሌግራሙ እዚያው ተደላድሎ ተቀመጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይጫንበታል። አንዴ ያወረድከው ስልክህ ላይ ይቆያል። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍም እንደምንም ይሠራል። ነፃ ነው። ይሄን ሁሉ አሟልቶ የተገነባ የትምህርት ዌብሳይት ቢኖር እንኳ ሰሜን ሸዋ ድረስ ሳይጓዝ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከሞጃና ወደራ ገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። አሁን ስንቁ በሁለቱም አቅጣጫ ሆኗል። አርብ ማታ እህቴ ቤት ይመጣሉ። የእህቴ ልጅ በሌሊት ጥቅል ያወረደውን ቪዲዮና ማስታወሻ ያለ ኢንተርኔት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይወስዳሉ። ኔትወርክ የማይገባበት መንደር ገብተው፣ ከብት እያገዱ ያዩታል። አንዱን «ባትሪውስ?» አልኩት። «እሱን አይጠይቁኝ» አለኝ።

ግን አራት ልጅ ካለበት ክፍል ደህና ስልክ ያለው አንዱ ነው። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስልኩ የወንድም ነው፣ ወንድም ሲመለስ ነው የሚገኘው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እነሱ እራት ይሠራሉ። ስለ ኦንላይን ትምህርት ስናወራ ኢንተርኔት ደረሰ አልደረሰ እንላለን። ቤት ውስጥ ስልኩ ማን እጅ ላይ ነው የሚለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁን ፊዚክሱ ሳይከብደው እንግሊዝኛው ይከብደዋል። ዩቲዩብና ቴሌግራም ያመጡት ትልቁ ሲሳይ፣ ሰው ቁጭ ብሎ በአማርኛ ሲያስረዳ ማየት ነው። ቲክቶክ ላይ ሳይቀር በደቂቃ ተኩል የኬሚስትሪ ቀመር የሚያስጨብጡ ልጆች አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ዳንስ ይመጣል፣ ያው ነው። አሁን አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ ያልገባውን አንቀጽ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ «በአማርኛ አስረዳኝ» ይለዋል። ያስረዳዋል። አንዳንዴ አማርኛው ራሱ ሌላ አስረጂ ይፈልጋል እንጂ።

እንግዲህ ትምህርቱ ሞልቷል። የእህቴን ልጅ ቴሌግራም ገለጥለጥ አድርጌ አየሁት። ቻናሉ ለቁጥር ያታክታል። የሒሳብ ማስታወሻ፣ የባዮሎጂ አጭር ማስታወሻ፣ የአጭሩ አጭር፣ የ10 ዓመት ፈተና ከነመልሱ። ጎናቸው ላይ ያልተነበበ መልእክት በሺህ ይቆጠራል። «ስንቱን አነበብክ?» አልኩት። «አውርጃቸዋለሁ» አለኝ። ማውረድና ማወቅ አንድ የሆነበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

የኔ ትውልድ ይሄን አስቀድሞ ቀምሶታል። ፕላዝማን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መጣ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። መምህራችን ጥግ ቆሞ እንደኛው ያያል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በማይያዝ እንግሊዝኛ አብራርቶ፣ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ክፍሉ ጸጥ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ማንም አልመለሰም እኮ! ስድሳና ሰባ ሆነን ቁጭ ብለን፣ አንዳችንም ትንፍሽ ሳንል፣ በየቀኑ ተመሰገንን።

ከዚያ በዲቪ አሜሪካ ገባሁ። ሌሊት እየሠራሁ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኦንላይን ተማርኩ። እዚህ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታ አለው። የትምህርቱ ሰሌዳ ላይ ገብተህ ቪዲዮውን ታያለህ፣ ጥያቄውን ትሠራለህ፣ ማስረከቢያው እሑድ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት ነው። በየሳምንቱ ደግሞ ውይይት የሚባል አለ። አንተ አንድ አንቀጽ ትጽፋለህ፣ ለሁለት የክፍል ጓደኞችህ መልስ ትሰጣለህ። ሁሉም ሰው «ግሬት ፖስት!» ብሎ ይጀምራል። ያቺን ሰው አላውቃትም፣ እሷም አታውቀኝም፣ «ግሬት ፖስት» ተባባልን፣ ነጥብ ያዝን፣ አለፍን። አሁን ደግሞ ጽሑፉንም መልሱንም ማሽን እየጻፈው ነው። ሁለት ማሽን ሲመሰጋገን ሁለት ሰው ነጥብ ይቆጠርለታል። ፕላዝማው «ቬሪ ጉድ» ሲል ቢያንስ ሰው ነበር።

ፈተናው ሌላ ጉድ ነው። ቤትህ ሆነህ ነው የምትፈተነው፣ ግን ካሜራው ይጠብቅሃል። ክፍሉን አዙረህ አሳይ ይልሃል። ጠረጴዛ ሥር አሳይ። መታወቂያህን አሳይ። ከስክሪኑ ዓይንህን አታንሳ። እኔ ደግሞ ሳስብ ጣሪያ ነው የማየው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ጣሪያ ባየሁ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አንድ ጊዜ ልጄ በሩን ከፍቶ «አባ» ብሎ ገባ፣ ፈተናው ተቋረጠ። ላብራራ ብዬ የምጽፍለት ሰው ፈለግኩ፣ አጣሁ። መልስ የሚሰጠኝ ቅጽ ነበር። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ዓይኔ የት እንዳለ ያውቃል፣ ትምህርቱ ገብቶኝ እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም።

በ2012 በፈረንጆቹ ኮርሴራ፣ ኤድኤክስና ዩዳሲቲ የሚባሉ የኦንላይን ትምህርት ድርጅቶች ሲመጡ ዩኒቨርሲቲ ሊዘጋ ነው ተብሎ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ክፍያውም እየጨመረ ነው። ለነፃ ኮርሶቹ ከተመዘገበው ሰው አብዛኛው ሳይጨርስ ነው የሚቀረው። በኛም ሀገር ሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመሆን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል፤ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ከዩዳሲቲ ጋር ነው የተዘጋጀው። ፌስቡኬ በሰርተፍኬት ተጥለቅልቋል። ደስ ይላል። የእህቴ ልጅም አንድ አለው። ምን ተማርክበት ስለው ሰርተፍኬቱን አሳየኝ።

የኦንላይን ትምህርት ወግ ሲነሳ ሁሉም ነፃ የቪዲዮ ትምህርት የሚሰጠውን የካን አካዳሚን ታሪክ ያወራል። አጀማመሩን ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መሥራቹ ሳልማን ካን በፈረንጆቹ 2004 ያደረገው አንዲት ዘመዱን ሒሳብ ማስጠናት ነው። እሱ ሌላ ከተማ፣ እሷ ሌላ ከተማ፣ በስልክና በኮምፒውተር። ዩቲዩቡ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ነበረ፣ «የቱ ጋ ነው የጠፋሽ?» የሚል። ዓለም ቪዲዮውን አባዝቶ ወሰደ፣ ጠያቂውን ማባዛት አቃተው።

ይሄን የምለው ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠያቂ ስላገኘሁ ነው። የእህቴ ልጅ ካሉት ቻናሎች ሁሉ አንዱን ብቻ በፍርሃት ነው የሚከፍተው። የአንድ የፊዚክስ መምህር ግሩፕ ነው። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል። የሰውየው ግሩፕ ሃምሳ አይሞላም፤ አልጨምርም ብሏል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ ይለቃል። አንድ ብቻ። ልጆቹ ወረቀት ላይ ሠርተው ፎቶ አንስተው በውስጥ መስመር ይልኩለታል። እሱ ከመጡት ውስጥ ሁለት ሦስቱን ይመርጥና በድምፅ መልእክት ይመጣባቸዋል።

አንዷን አሰማኝ። ከኋላ ውሻ ይጮኻል፣ ሲኒ ይንኳኳል፣ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርጋል። «ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ሁለት ከየት መጣች? ... አንተ ልጅ፣ መልሱ ልክ ነው። ሁለቷ ግን ከየት መጣች?» መልሱ ልክ ነው እኮ! የእህቴ ልጅ ያቺን ሁለት ከአንዱ ቻናል ገልብጧት ነበር። ሲፈልጋት አመሸ። ሊተኛ ሲል አገኛት። የመልሱ ድምፅ መልእክት ላይ የልጁ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፣ ግን አስረዳ። መምህሩ «ቬሪ ጉድ» አላለውም። «እሺ፣ ነገ» አለው።

ለአካባቢው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት የኖረው እንዲህ ነው። የኔታ ትናንት የነገሩህን ካልመለስክ ዛሬ አዲስ አይሰጡህም። ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን ያስቆጥራል፣ ራሱ ደግሞ ከበላዩ ካለው ይማራል። ዳዊት እንዲሁ ተይዞ የሚኬድ አይደለም፣ ተቀምጦ፣ ተደምጦ፣ ተደግሞ ነው። (ልምጩን ማንም አይናፍቀው፣ እሱ ይቅር።) የፊዚክስ መምህሩን የአብነት ተማሪ ነበርክ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና «አባቴ ነበሩ» አለኝ።

የሚገርመው፣ አሜሪካም ያለነው ያንኑ ከዚያው እየገዛን መሆኑ ነው። እኛ ሰፈር ያሉ ወላጆች ተሰብስበን ለልጆቻችን የአማርኛ አስተማሪ የቀጠርነው ደብረ ብርሃን ነው። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። ቅዳሜ እዚህ በፈረንጅ አሥር ሰዓት ሲሆን እዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እዚህ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ እዚያ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ መምህርቷ «የእናንተ ሰዓት ምን ነክቶት ነው የሚዘዋወረው?» ይላሉ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆረጣል፣ እንደገና እንደውላለን። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ «ቲቸር፣ ለምን ብርድ ልብስ ለበሱ?» ብለው ጠየቁ። ጋቢ ነው ብለን አስረዳን። መምህርቷ ተቀይመው እንደሆነ አላውቅም፣ የሚቀጥለው ሳምንት ጥለት ያለው ነጠላ ለብሰው መጡ።

የኔ ልጅ ትምህርት ቤት የለመደው ካሜራ መዝጋት ነው። መምህርቷ ዘንድ ይሄ አይሠራም። «ካሜራህን ክፈት፣ አፍህን ልየው» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ቨርጂኒያ ያደገ ልጅ «ጠ»ን «ተ»፣ «ቀ»ን «ከ» ነው የሚላት። «ጰ»ማ ጨርሶ አትገኝም። እሳቸው ስክሪኑ ላይ ተጠግተው ምላሳቸውን፣ ከንፈራቸውን ያሳያሉ። ስድስት ልጅ አለ፣ ስድስቱም ተራ በተራ ይላሉ። አንዱ እስኪወጣለት አምስቱ ይጠብቃሉ። የልጆቹ ትምህርት ቤት በየራሱ ፍጥነት የሚሄድ ፕሮግራም ነው ያስለመዳቸው፣ መጠበቅ አያውቁም። አሁን እየቻሉት ነው። እርስ በርስም ይተራረማሉ።

አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ የቤት ሥራውን በማሽን አስተርጉሞ ላከ። «ቤተሰቤን እወዳለሁ ምክንያቱም እነሱ በጣም ደጋፊ ናቸው» ይላል። መምህርቷ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን ማን ጻፈልህ? ሰው እንዲህ አያወራም» አሉት። ልጁ ደነገጠ። የፈረንጅ መምህሩ ማሽን መጻፉን የሚያጣራለት ሌላ ማሽን ይጠቀማል፤ እሳቸው ጆሯቸው በቃቸው።

ታዲያ የሰሜን ሸዋውን አሳምሬ ብቻ ብተወው ውሸት ነው። ያ ቴሌግራም ገበያም ነው። 12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ «ፈተናው እጃችን ገብቷል» የሚሉ ቻናሎች እንደ እንጉዳይ ይፈላሉ። ብሩን በቴሌብር ላክ፣ ማታ ይለቀቅልሃል። ማታ ቻናሉ ራሱ ይጠፋል። ከኪራይ ቤቱ ልጆች አንዱ ለስንቅ የተሰጠውን ብር ልኮ ባዶውን ቀርቷል። ለቤተሰቡ መናገር ስላልቻለ የእህቴ ልጅ ቤት ነው የከረመው። ልጆቹ የሚታለሉት ያለ ምክንያትም አይደለም። በ2008 ፈተናው እውነትም በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዞ ነበር። አንዴ እውነት የሆነ ነገር ለብዙ ዓመት ውሸት መሸጫ ይሆናል።

ጭንቀቱም ቀላል አይደለም። የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2። የ2016ቱ 5.4። ያን ዓመት ደግሞ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር፣ በኦንላይን መፈተን ጀመረ። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ማለት ነው፣ በስንጥቅ ስልክ 12ኛ ክፍል የደረሰ፣ አሁን ጠቅ አድርግ የሚባል። እኔ በጣሪያዬ ምክንያት ያማረርኩት ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

መስመሩ ደግሞ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ለአምስት ወር ገደማ ተገድበው ነበር። ያን ጊዜ አያቶች ሳይቀሩ የተዘጋውን የሚያስከፍተው ቪፒኤን ምን እንደሆነ አወቁ። ሐምሌ ላይ ተለቀቀ። ወር ሳይሞላ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሽ ተቋረጠ፣ ለብዙ ወራት። በገጠሩ ትምህርት ቤቱም የተዘጋበት ብዙ ነው። እኛ እዚህ በቀጥታ ስልክ እየደወልን የሰው ደህንነት ብቻ ነበር የምንጠይቀው፣ ትምህርት ማን ያስታውሳል።

የፊዚክስ መምህሩን ያኔ ምን አደረግክ አልኩት። ጥያቄዋን በወረቀት ጽፎ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ መለጠፍ ጀመረ። አንድ ጥያቄ፣ በየቀኑ። ልጆቹ እየመጡ ይገለብጣሉ፣ መልሱን አጣጥፈው ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ይተዋሉ። መምህሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይሰበስባል፣ በቀይ ያሰምርበታል፣ ይመልሳል። «ሁለቷ ከየት መጣች» በጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ኢንተርኔት ሲመለስ ሃምሳዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ቴሌግራሙ ላይ ተገኙ ይላል። የሁለት ልጅ ስልክ ብቻ ተሽጦ ነበር።

አሁን እዚህ ያለን የአካባቢው ልጆች መዋጮ ጀምረናል። ግሩፕ አለን፣ እሱም ቴሌግራም ላይ። አብዛኛው ሰው ታብሌት ይገዛ ብሏል። አንድ ወንድማችን ሃያ ታብሌት በመርከብ ቢላክ የቀረጡን ነገር እያጣራ ነው። እኔ መምህሩን ደውዬ ምን ይሻልሃል አልኩት።

«ጋሼ፣ የማታ ዳታ ጥቅል ብትልኩ ለኔም ለልጆቹም ጥሩ ነው» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽኑ ቶነር፣ ቀለሙን ማለቴ ነው፣ ጨርሷል። ወረቀትም ተወዷል። እሱ ቢሆን ኪራይ ቤት ላሉት ስልክ ለሌላቸው ይደርስ ነበር» አለኝ።

ይሄንኑ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ለረጅም ሰዓት ማንም አልመለሰም። ማታ ላይ ሰብሳቢያችን ብቅ አለና «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ለሰጪዎች የምናሳየው ፎቶ ያስፈልገናል፤ ቶነር ደግሞ ፎቶ ላይ ምንም አይመስልም» አለ። አሥራ አንድ ሰው አውራ ጣት ሰጠው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔ በግሌ ሁለት ቶነር በሚሄድ ሰው ሻንጣ ልኬአለሁ፣ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር መምህሩ ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ።